ከፍ ካሉ ልጆች ጋር በመጸው ቅጠል ሥዕል መሥራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው ሜሪላንድ ውስጥ ነው። ጥቅምት ገብቶ የሰፈራችን ዛፎች መቅላት ሲጀምሩ ከሁለቱ ልጆቼ ጋር ቅጠል ለቅመን ሥዕል መሥራት ልማዳችን ከሆነ ሰነባብቷል። ሴቷ አሁን 13፣ ወንዱ 11 ዓመታቸው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቻችንን አማርኛ ለማስተማር ስንሰበሰብ ሥራዎቻቸውን ያዩ ወላጆች የሚጠይቁኝን እዚህ አሰባስቤዋለሁ። ለትንንሽ ሕፃናት የሚሆን ብዙ ተጽፏል፤ ይህ ግን 10 ዓመት ለሞላቸውና ከዚያ በላይ ለሆኑት ነው።

ልጄ 12 ዓመቷ ነው። «ቅጠል እንለጥፍ» ስላት «የሕፃን ሥራ ነው» አለችኝ። እንዴት ላግባባት?

እውነቷን ነው። አሜሪካ ያደገ ልጅ መዋዕለ ሕፃናት ሳለ በየዓመቱ ቅጠል ወረቀት ላይ እየለጠፈ የቱርክ ዶሮ ሠርቷል። በ12 ዓመቷም ያንኑ ሙጫና ያንኑ ዶሮ ካቀረብንላት ብትንቀው አይፈረድባትም። ከፍ ያለ ልጅ የሚፈልገው የሚያስቸግር ሥራ፣ የአዋቂ መሣሪያና የመወሰን መብት ነው። ካውያ እንዲይዝ፣ በስለት እንዲቆርጥ፣ ሰም ሲቀልጥ አጠገቡ እንዲቆም ሲፈቀድለት ሥራው በዓይኑ ክብደት ያገኛል።

እኔን የረዳኝ ደግሞ አንድ ታሪክ ነው። መቶ ዶላሩ ላይ መልኩን የምናየው ቤንጃሚን ፍራንክሊን መተዳደሪያው የማተሚያ ሥራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1730ዎቹ ለኒው ጀርሲ ቅኝ ግዛት የወረቀት ገንዘብ ሲያትም ከእውነተኛ ቅጠል የተወሰደ ምስል አሳረፈበት። የቅጠል ጅማቶች እየቀጠኑና እየተገናኙ የሚሄዱበትን መንገድ የትኛውም ቀራጭ በእጁ ሊደግመው ስለማይችል ሐሰተኛ ገንዘብ ለሚሠሩ ሰዎች ትልቅ ፈተና ሆነባቸው። ልጄ ይህን ስትሰማ አንድ የሜፕል ቅጠል መስኮቱ ላይ ለጥፋ «እኔ አስመስለዋለሁ» አለችኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ በእርሳስ ታገለችው። አልሆነላትም፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን በኋላ ቅጠል ስታነሳ መጀመሪያ ጀርባውን ገልብጣ ነው የምታየው።

መቼ ይለቀማል? ከየትኛውስ ዛፍ?

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ አካባቢ ቀለሙ የሚደምቀው ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መግቢያ ነው። ጤዛው ከደረቀ በኋላ ውጡ። የዚያኑ ዕለት የወደቀውን፣ በእጅ ሲያዝ ገና የሚተጣጠፈውን ምረጡ። ከረገጡት የሚንኮሻኮሽ ቅጠል ለሥዕል አይሆንም።

ሜፕል ሁሉም ያውቀዋል። እኔ ግን ልጆች ስዊትገምን እንዲፈልጉ እመክራለሁ፤ ቅጠሉ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ይመስላል፤ በአንድ ዛፍ ላይ ቢጫ፣ ቀይና ወይን ጠጅ አንድ ላይ ይገኛል። የቱሊፕ ፖፕላር ቅጠል ጫፉን በመቀስ የቆረጡት ይመስላል። ኦክ ቡናማና ወፍራም ስለሆነ አይሰበርም። ጊንጎ ደግሞ ለብቻው ነው፤ ቡና ሲፈላ ከሰሉን የምናራግብበትን ማርገብገቢያ ይመስላል፣ ቀለሙ ወርቅ ነው። ጊንጎን ነገ እለቅማለሁ ብላችሁ አትተዉት፤ ኃይለኛ ውርጭ ሲመታው ዛፉ ቅጠሉን ባንድ ቀን ሊያራግፈው ይችላል። ሲወድቅ የቆመበት መንገድ ሁሉ ቢጫ ይነጠፍበታል። ከሥሩ የሚወድቀው ፍሬ ግን ክፉኛ ስለሚሸት በባዶ እጅ አትንኩት።

መነካት የሌለበት ቅጠል አለ?

አለ፤ ልጆቹ ከቤት ከመውጣታቸው በፊት ሊያውቁት ይገባል። ፖይዝን አይቪ ይባላል። ቅጠሉ ሦስት ሦስት ሆኖ ነው የሚበቅለው፤ መካከለኛው ከሁለቱ ረዘም ያለ ዘንግ አለው። መሬት ላይ ይሳባል፤ ዛፍ ላይ ሲወጣ ሐረጉ ጸጉር ያወጣ ገመድ ይመስላል። ክፋቱ በመጸው ነው፤ ከብዙ ዛፎች ቀድሞ እጅግ ያማረ ቀይና ብርቱካናማ ስለሚሆን ቅጠል የሚለቅም ልጅ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ኡሩሺዮል የሚባለው ዘይቱ ቆዳን ያሳክካል፣ ውሃ ያስቋጥራል። ቅጠሉ ደርቆም ዘይቱ አይጠፋም፤ ስለዚህ «ደርቋል» ብሎ ማንሳት አያዋጣም። የነካው ልጅ ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ ይታጠብ፤ ልብሱም ይታጠብ። እሳት ውስጥ ፈጽሞ አይጣልም፤ ጢሱ ሳንባ ይጎዳል።

እኛ ቤት ያለው ደንብ አንድ ነው፦ ከሐረግ ላይ ምንም አይቆረጥም፤ የሚለቀመው ከየትኛው ዛፍ እንደወደቀ የታወቀ ቅጠል ብቻ ነው።

ከፓርክ መልቀም ይፈቀዳል?

ብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ ዕፅዋትንም ሆነ የዕፅዋትን ክፍል ይዞ መውጣት በደንብ የተከለከለ ነው። ዲሲ መሐል ያለው ሮክ ክሪክም በብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ሥር ነው። እዚያ ሂዱና እዩ፣ ፎቶ አንሱ። የምትለቅሙትን ከራሳችሁ ግቢ፣ ከእግረኛ መንገድ ዳር ወይም ከጎረቤት አስፈቅዳችሁ ውሰዱ። ጎረቤት ቅጠል አይነፍግም፤ ጠርጋችሁ ብትወስዱለት ያመሰግናችኋል።

ቅጠሎቹ ሻገቱብን፤ ሌሎቹ ደግሞ ተጨማደዱ። ምን አጠፋን?

የመጀመሪያው ዓመት እኔም ወደ 40 የሚጠጋ ቅጠል በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልዬ ሁለት ቀን አሳደርኩት። ስከፍተው ላብ ላብ ይላል፤ ጥቁር ነጠብጣብ ጥሎበታል። ልጆቼ ያን ዕለት ያዘኑትን አልረሳውም። ቅጠል ከተለቀመ በዚያው ቀን ወረቀት ውስጥ መግባት አለበት።

ዘዴው ቀላል ነው። ጋዜጣ ወይም ቀለም የሌለው ተራ ወረቀት አንጥፉ፤ ቅጠሎቹን እንዳይነካኩ አድርጋችሁ ደርድሩ፤ ሌላ ወረቀት አልብሱና ከባድ ነገር ጫኑበት። የሚያብረቀርቅ የመጽሔት ወረቀት እርጥበት ስለማይመጥ አይሆንም። የምትወዱት መጽሐፍ ውስጥም አታስገቡ፤ ቅጠል ቀለም ይተፋል፣ ገጹን ያበላሻል። እኛ ሁለት ጣውላ መሐል እናደርግና ከላይ የ25 ፓውንዱን የጤፍ ዱቄት ከረጢት እንጭንበታለን። ከዚያ የተሻለ ክብደት አላገኘሁም፤ ልስልስ ስለሆነ ሁሉንም ጥግ እኩል ይጫናል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን እርጥቡን ወረቀት ቀይሩ። ከ10 ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ይደርቃል።

የቸኮለ ሰው ማይክሮዌቭ መጠቀም ይችላል። ቅጠሉን በሁለት የወረቀት ፎጣ መሐል አድርጎ 30 ሰከንድ፣ አይቶ እንደገና ጥቂት ሰከንድ። አጠገቡ ሳይቆሙ አይሆንም፤ ከመጠን በላይ የደረቀ ቅጠል እሳት ይይዛል።

ቀለሙ ለምን ይለቃል? ማቆየትስ ይቻላል?

ይህን ለልጆቹ ማስረዳት ራሱ ደስ ይላል። ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊል ነው። ቀኑ እያጠረ፣ ብርዱ እየገባ ሲመጣ ዛፉ ክሎሮፊል መሥራቱን ያቆማል፤ ያለውም ይፈርሳል። ያኔ ከሥሩ ተሸፍኖ የኖረው ቢጫና ብርቱካናማ ይገለጣል፤ ካሮትን ብርቱካናማ የሚያደርገው የዚያው የካሮቲኖይድ ወገን ነው። ቀዩ ግን የተደበቀ አልነበረም፤ ብዙ ዛፎች በዚያ ሰሞን ከስኳራቸው አዲስ የሚሠሩት ነው። ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ሆኖ ውርጭ ካልገባበት ቀዩ ይበልጥ ይደምቃል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ሲባል ሰምተን ላደግን የጥቅምት ብርድ አዲስ አይደለም፤ እዚህ ያ ብርድ ዛፍ ይቀባል።

የደረቀ ቅጠል ቀለም በብርሃን ይነጣል፤ ስለዚህ ሥዕሉ ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘው ግድግዳ ላይ ይሰቀል። ከዚህ ሌላ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ለቆዳችን የምንቀባው ግሊሰሪን ነው። አንድ እጅ ግሊሰሪን ከሁለት እጅ ውሃ ጋር ቀላቅላችሁ ዝርግ ትሪ ላይ አፍሱ፤ ቅጠሉን አስጥማችሁ በሳህን ተጫኑትና ከሦስት እስከ አምስት ቀን አቆዩት። ቀለሙ ትንሽ ይጠቁራል፤ ቅጠሉ ግን እንደ ስስ ቆዳ ይለሰልሳል እንጂ አይሰበርም።

ሌላው የንብ ሰም ነው፤ እኛ ቤት የሚወደደው ይህ ነው። ሰም በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም፤ ይቀጣጠላል። ድስት ውስጥ ውሃ አሙቁና ሰሙን በትንሽ ቆርቆሮ አድርጋችሁ እውስጡ አስቀምጡ። ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቀልጣል። ልጁ ቅጠሉን በዘንጉ ይዞ አንድ ጊዜ ያጠልቀዋል፣ ያወጣዋል፣ እስኪንጠባጠብ ይጠብቃል። ሰሙ መጀመሪያ እንደ ውሃ ያብለጨልጫል፤ ከዚያ ከጫፍ ጀምሮ እየደበዘዘ ሲረጋ ይታያል። ያ ጥቂት ሰከንድ ልጆቼን ጸጥ ያሰኛቸዋል። ቤቱ ጧፍ ጧፍ ይሸታል፤ ወንዱ ልጄ መጀመሪያ ሲሸተው «ቤተ ክርስቲያን ነው የሚሸተው» አለኝ።

ምን ዓይነት ሥራ ነው የምታሠሪያቸው?

አላሠራቸውም፤ ይመርጣሉ። ሞክረን የወደድናቸውን ግን ልንገራችሁ።

ቀላሉ ማሻሸት ነው። ቅጠሉን ጀርባውን ወደ ላይ አድርጎ ስስ ወረቀት ማልበስ፣ ክሬዮኑን አጋድሞ ማሸት። ጅማቱ ከወረቀቱ ውስጥ ብቅ ይላል። ይህም የሕፃን ሥራ መስሎ የሚታየው ልጅ ካለ ጀርመን የተወለደው ሠዓሊ ማክስ ኧርነስት እ.ኤ.አ. በ1925 የወለል ጣውላ ላይ ወረቀት አድርጎ በማሻሸት የጀመረውን ሥራ ፈልጋችሁ አሳዩት። ቅጠሎችንም በዚያው መንገድ አሽቷል።

ኅትመቱ ትንሽ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ቀለሙ የሚቀባው በጀርባው በኩል ነው፣ በጣም ስስ ሆኖ፤ ከዚያ ወረቀቱ ላይ ይደፋና ሌላ ወረቀት አልብሶ በሊጥ መዳመጫ መጫን ነው። የመጀመሪያው ኅትመት ብዙ ጊዜ ይጨማለቃል። ቅጠሉን ሳይቀቡ የሚደገመው ሁለተኛው ነው የሚያምረው።

ትዕግሥት ላለው ልጅ ሥጋውን አስለቅቆ አጥንቱን ማስቀረት አለ። ለዚህ እንደ ማግኖሊያ ያለ ጠንካራ ቅጠል ያስፈልጋል። በ1 ሊትር ውሃ ግማሽ ኩባያ የልብስ ማጠቢያ ሶዳ፣ ማለትም ሶዲየም ካርቦኔት፣ ጨምሮ በለስላሳ እሳት ሥጋው እስኪላቀቅ መቀቀል፤ ሰዓታት ይወስዳል። ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ቀስ እያሉ ማስለቀቅ። የሚቀረው ከሸረሪት ድር የማይተናነስ መረብ ነው። ሶዳው ቆዳና ዓይን ስለሚያቃጥል ቅቅሉን አዋቂ ይያዘው፤ ልጁም ጓንት ያድርግ። ድስቱ ከዚያ በኋላ ምግብ አይሠራበትም።

ሙጫ የማይወዱ ልጆችም አሉ፤ የእኔ ወንድ ልጅ አንዱ ነው። እንግሊዛዊው አንዲ ጎልድስዎርዚ ቅጠሎችን በቀለማቸው አሰናኝቶ መሬት ላይ ይደረድርና ነፋስ ሳይወስደው ፎቶ ያነሳዋል። ልጄም ግቢያችን ውስጥ ከአረንጓዴ ተነስቶ በቢጫ አልፎ ደም ቀይ ላይ የሚያበቃ ሦስት ሜትር የሚሆን መስመር ዘረጋ። ሁለት ሰዓት ፈጀበት፤ ነፋሱ ምሽቱን በተነው፤ ፎቶው አለ።

እስካሁን ከተሠሩት ሁሉ ልቤን የነካው ግን የሴቷ ሥራ ነው። አያቷን በቅጠል ሠራች። ፊቱ የኦክ ቅጠል ነው፤ የጅማቱ አካሄድ ጉንጭ ላይ ሽብሽብ ሆኖ እንዲወርድ አዙራ ለጠፈችው። ለነጠላው የሲልቨር ሜፕልን ቅጠል ገልብጣ ተጠቀመች፤ ጀርባው ብር የሚመስል ነጭ ነው። ጥለቱን ከቀይ ቅጠል በቀጭኑ ሰንጥቃ፣ ከሁለት ሚሊ ሜትር በማይበልጥ ስፋት፣ በወረንጦ እየያዘች ደረደረችው። ማንም አላሳያትም።

ልርዳቸው ወይስ ልተዋቸው?

እጃችሁን ሰብስቡ። ያ የአያቷ ሥዕል ሲሠራ እኔ አንዱን ቅጠል «እንዲህ ቢሆን ይሻላል» ብዬ ትንሽ ፈቀቅ አደረግሁት። ምንም አልተናገረችም፤ ሁለት ቀን ግን አልነካችውም። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ተመለሰችበት።

አሁን የራሴን ቅጠል ይዤ አጠገባቸው እቀመጣለሁ፣ የራሴን እሠራለሁ። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ፊት ለፊት አስቀምጠው «ትምህርት ቤት እንዴት ነበር?» ቢሉት «ደህና» ከማለት አያልፍም። እጁ ሥራ ሲይዝና ዓይኑ ቅጠል ላይ ሲሆን ግን ያልተጠየቀውን ይናገራል። ዓመቱን ሙሉ ያልሰማኋቸውን ነገሮች የሰማሁት በጥቅምት፣ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። ይህን ሥራ የማልተወው ከምንም በላይ ለዚህ ነው።

የትኛው ሙጫ ይሻላል?

ተራው ነጭ ሙጫ። በብሩሽ፣ በስሱ፣ በጀርባው መካከለኛ ጅማት ላይ ብቻ። ከዚያ ወረቀት አልብሶ ክብደት ጭኖ ማሳደር። በሰም የተነከረ ቅጠል ግን በዚህ ሙጫ አይያዝም፤ በክር አንጠልጥሉት።

ልጆቼ በአማርኛ የሚያውቁት ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ብቻ ነው። የሌሎቹን ቀለሞች ስም እንዴት ላስተምር?

ወጥ ቤታችን ሞልቷል። እኛ ቅጠሎቹን ጠረጴዛ ላይ በትነን እያንዳንዱን ምን እንደሚመስል እንጠራዋለን። ይህ በርበሬ ነው፤ ያኛው ያረረ በርበሬ። የጊንጎው እርድ ነው። ኦክ ሽሮ አለው፣ ቡናም አለው፤ ቡናውም ገና ያልተቆላ፣ የተቆላና ያረረ እየተባለ ይለያል። ከዚያ ወደ ቀደመው ቃል እንሄዳለን። ወይን ጠጅ። እንሶስላ፤ ይህን ለማስረዳት የሙሽራ እጅ ፎቶ ማሳየት ነበረብኝ። ለፈረስ የምንላቸው ዳማና ቡላ። ገና ለለመለመው ሐመልማል። ልጄ አንድ የስዊትገም ቅጠል አንስታ «ከዳማ ወደ እንሶስላ እየሄደ ነው» ስትል ሰማኋት፤ ይህን በእንግሊዝኛ እንዲህ አሳጥራ አትለውም ነበር።

ስሞቹን በካርቶን ላይ ከነቅጠላቸው ለጥፈን ማቀዝቀዣው ጎን ሰቅለነዋል።

«ፎል» በአማርኛ ምን ይባላል?

እኔ መጸው እላለሁ። በአገራችን አቆጣጠር መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ስለሆነ ጊዜው ይገጥማል። ጸደይና መጸውን የሚያቀያይሩ ብዙ ናቸው፤ ልጆቹ ሁለቱንም ሊሰሙ ይችላሉ። ትርጉሙ ግን አይገጥምም፤ ኢትዮጵያ ውስጥ መጸው የአበባ ጊዜ ነው፤ ዘመነ ጽጌም የሚጀምረው መስከረም 26 ነው። እዚህ ቅጠል ሲረግፍ እዚያ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኖ ከርሟል። ይህን ለልጆች ስትነግሯቸው በአንድ ስም ሁለት አገር ያያሉ።

አዲስ አበባ ነኝ። እኔስ መሥራት እችላለሁ?

በሚገባ። ዛፉ ሁሉ በአንድ ሰሞን የሚቀላበት ጊዜ ባይኖርም ለማሻሻትና ለኅትመት ቀለም አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ጅማትና ቅርጽ ነው። ዋንዛ ሰፊና ጅማቱ ጎላ ያለ ስለሆነ ለማሻሻት ይመቻል። ግራቪሊያ የተተረተረ ላባ ይመስላል፤ ጀርባው ብርማ ነው። የወይራ ቅጠል ፊቱ ጥቁር አረንጓዴ፣ ጀርባው ወርቅማ ቡናማ ስለሆነ ከአንድ ቅርንጫፍ ሁለት ቀለም ታገኛላችሁ። መስከረም ላይ ደግሞ አደይ አበባውን ከነቅጠሉ ወረቀት ውስጥ አስተኙት።

የልጆቹን ሥራ አገር ቤት ላለችው አያታቸው መላክ ይቻላል?

ቅጠሉ ራሱ ደርቆም ቢሆን ድንበር ሲያቋርጥ በዕፅዋት ቁጥጥር ሊያዝ ይችላል፤ በመንገድም ይሰባበራል። የተሻሸውን ወይም የታተመውን ወረቀት ላኩ፤ ያ ተራ ደብዳቤ ነው። በጀርባው የዛፉን ስምና ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ልጁ ራሱ በእርሳስ ይጻፍበት፤ እስክሪብቶ ወደ ፊት ያልፋል።

እናቴ የመጀመሪያው ሲደርሳት ደወለችና ልጄን «የኔ ልጅ፣ ይህ ዛፍ ፍሬ አለው?» አለቻት። ልጄ አላወቀችም። በማግሥቱ ወደ ስዊትገሙ ወርዳ እሾሃማ ድቡልቡል ፍሬውን ይዛ መጣች፤ እሱንም ሥላ ላከችላት።